ቡናው እስኪሸጥ አትጠብቅ

አክስቴ ጅማ ዞን፣ ሰቃ ጨቆርሳ ነው የምትኖረው። ሰባት ወር ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ዋጠች። ሆዷ ይነፋል። ሁለት ጉርሻ ስትበላ ትጠግባለች። ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። እኛም «ጨጓራ ነው፣ ዕድሜ ነው» እያልን አብረን ከረምን። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ታዘዘላት። ገንዘቡ ግን አልነበረም። «ቡናው ተለቅሞ ይሸጥና» ተባለ። ቡናው ሲሸጥ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ነበር። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል አሉን።

ወገኖቼ፣ በሰፈራችን የሴቶች ዕድር በኩል የጀመርነው መዋጮ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቁን ለማስቀረት ነው። ምልክቱ ያለባት እናት ምርመራው በታዘዘላት ሳምንት እንድትታይ ነው የምንፈልገው።

«ለምን የጅማን ሴት ሁሉ አናስመረምርም?» የሚሉኝ አሉ። ከቅንነት የመጣ ጥያቄ ነው። ግን ምንም ምልክት የሌላትን ሴት ለዚህ ካንሰር መመርመር ሕይወት እንደሚያተርፍ አልታየም። ብሪታንያ ውስጥ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነበር። ገሚሶቹ በየዓመቱ በደም ወይም በአልትራሳውንድ ይመረመሩ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ ምርመራው በዚህ በሽታ የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። ስለዚህ በእናንተ ብር ዘመቻ አንጠራም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ሌላ ነው። እሱን በጭራሽ አትተዉ። ግን «ነፃ ነሽ» ብትባሉ ስለ እንቁላል ማምረቻችሁ የነገራችሁ ነገር የለም።

የሚጠቅመው ሰውነትን ማዳመጥ ነው። ሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። አዲስ ከሆነና በወር ከ12 ጊዜ በላይ ከተመላለሰ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆናችሁ፣ ሐኪም ፊት ቅረቡ። እናት ወይም እህት በጡት ወይም በእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ታማ ከነበረ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አደጋው በዘር የሚወረስበት ጊዜ አለና።

ብሩ ለሦስት ነገር ይውላል፦ ለአልትራሳውንድ፣ ሲኤ 125 ለሚባለው የደም ምርመራ፣ ከወረዳ ለሚመጡት ደግሞ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ። የደም ምርመራው ብቻውን አይበቃም፤ በሌላ ምክንያትም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ሁለቱንም የምንከፍለው። የሐኪም ትዕዛዝ ይዛ የመጣች ሁሉ ትስተናገዳለች። የቻለች ቡናዋ ሲሸጥ ትመልሳለች፤ ያልቻለች አትጠየቅም። ለመጀመሪያው ዙር 40 ሴቶችን አስበናል።

ከእያንዳንዳችሁ የአንድ ወር የዕድር መዋጮ ያህል እንጠይቃለን። ውጭ ያላችሁ የጅማ ልጆች እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ላኩ። ገንዘብ ያዥዋ ደረሰኝ ትቆርጣለች፤ ሒሳቡ በየወሩ በዕድሩ ስብሰባ ይነበባል።

እጅ ያጠራችሁም አላችሁ፣ አውቃለሁ። ባጃጅ ያላችሁ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል አድርሱልን። ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፋችሁ የምትናገሩ እህቶች ደግሞ ከገጠር የሚመጡትን እናቶች ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ግቡ። አክስቴ ብቻዋን ገብታ የሆዷን ነገር በቅጡ ሳትናገር ነው የወጣችው።