ለእማዬ፤ ካፖርትሽን ከማሰፋቴ በፊት

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእቴቴ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ገብቷል። ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አንቺ እዚህ ብትኖሪ «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ብለሽ መረቁን ጥደሽ ትጠብቂኝ ነበር። አሁን ከእቴቴ ጋር ያለሽባት አዳማ 1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ለኅዳር ሚካኤል ስትመለሺ ገና ከአውቶቡስ እንደወረድሽ ልዩነቱ አጥንትሽ ድረስ ይሰማሻል። በስልክ ስለ ልብስ ባነሣሁ ቁጥር «ጋቢዬ ይበቃኛል» እያልሽ ወሬውን ስለምትለውጪው ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

ባለፈው ጥር፣ ከተራ ዕለት ጃንሜዳ ያደርንበትን ሌሊት አስታውሺ። ግራጫውን ካፖርትሽን ለብሰሽ ጋቢ ደርበሽበት ነበር። በአንድ እጅሽ ጧፍ ይዘሻል፤ ሌላው እጅሽ ግን ከጋቢው ሥር አልወጣም። በርዶሽ መስሎኝ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጋቢሽን ላስተካክልልሽ ብዬ ሳነሣው ነው ያየሁት። ካፖርቱ አልገጥም ብሎሽ ሁለቱን ጫፎች ደረትሽ ላይ ጨብጠሽ ይዘሻቸው ኖሯል። ሌሊቱን ሙሉ። አንቺ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣሽውም፤ ከእኔ ዓይን ግን አልጠፋም።

በሳምንቱ አዲስ ልንገዛ የገባንበትን ሱቅም አልረሳሁትም። ሻጯ ከወንበሯ ሳትነሣ ከላይ እስከ ታች አይታሽ «በእሳቸው ልክ የሚሆን የለንም» ያለችው ለእኔ ነበር፤ አንቺ እዚያው ቆመሽ እያለሽ። መልስ ሳልሰጥ እጅሽን ይዤ መውጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ያን ዕለት መንገድ ላይ «ቁጥሬ እኮ ጨምሯል» አልሽኝ። እማዬ፣ አንድን ሰውነት ጀርመኖች 50፣ ፈረንሳዮች 52፣ ጣሊያኖች 56 ይሉታል። ልብሱ የተሰፋበት አገር ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ለባሿ ግን ያችው ናት። በዚያ ቁጥር ማፈርሽን ተዪልኝ።

ጋቢን ደግሞ እየነቀፍሁ እንዳይመስልሽ። አያቴ የፈተለችው ባለ አራት እጥፍ ጋቢ ቤት ውስጥ ወደር የለውም። ከቤት ስትወጪ ግን ሁለቱንም እጆችሽን ይፈልጋል፣ ታክሲ ስትሳፈሪ በር ላይ ይያዛል፣ ካፊያ ሲነካውም ጥጥ ነውና ውሃውን ይዞ ይከብዳል። ሱፍ ጥቂት እርጥበት ቢይዝም ሙቀቱን አይጥልም። ለማለዳ ኪዳን ጊዮርጊስ የምትሄጂው በጋቢ ብቻ መሆኑ ለእኔ ሰላም አይሰጠኝም።

ሁለት ወር ሙሉ ስዞር ከረምሁ። አዲስ ሆነው የሚመጡት ካፖርቶች አብዛኛዎቹ ትከሻቸውም ክንዳቸውም ጠባብ ነው፤ ትልቅ የተባለውም ቢሆን ርዝመት ብቻ ተጨምሮበታል። ሳልባጅ ተራ ግን ከአውሮፓ የመጡ፣ ለሙሉ ሰውነት የተቆረጡ፣ ጨርቃቸው እውነተኛ ሱፍ የሆነ ካፖርቶች አግኝቻለሁ። ለራሴ አንድ ገዝቻለሁ፤ ደረቴ የአንቺ ደረት ነውና የአንቺን መከራ አውቀዋለሁ። አንቺ የሰው ልብስ እንደማትለብሺ ስለማውቅ ለአንቺ አላሰብሁትም። ስለዚህ እናሰፋዋለን። የድሮውን የሰፉልሽ ሰውዬ ሱቅ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል፤ እኔ ግን አራት ኪሎ አካባቢ እጃቸው የተባረከ ልብስ ሰፊ አግኝቻለሁ። ጨርቁን ከመርካቶ እኔው እገዛለሁ፤ ወርዱ ሜትር ተኩል ከሆነ 3 ሜትር ያህል ይበቃናል ብለውኛል፤ ገበሩ ለብቻው ነው።

ዋናው ነገር ትከሻው ነው። እንደ እኛ ደረት ያላት ሴት ደረቷ እንዲገጥም ብላ ሰፊ ትገዛለች፤ ከዚያ የትከሻው ስፌት ወደ ክንድ ይወርዳል፣ እጅጌው ጣት ይሸፍናል፣ ሴትዮዋ የታላቅ ወንድሟን ልብስ የተዋሰች ትመስላለች። እጅጌ ማሳጠርና ወገብ ማጥበብ ቀላል ነው፤ ትከሻ ለማጥበብ ግን እጅጌው ተነቅሎ እንደገና መገጠም አለበት። የአንቺ ትከሻ ጠባብ ነው፣ ደረትሽና ክንድሽ ግን ሙሉ ናቸው። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ትከሻውን በልኩ አድርገው፣ ከትከሻ መሐል ተነሥቶ በደረት ላይ አልፎ እስከ ታች የሚወርድ ስፌት ይሰፉበታል። ጨርቁ ደረትሽ ላይ ቦታ ያገኛል፣ ከደረት በታች ትንሽ ይሰበሰባል፣ ከዳሌሽ ጀምሮ እንደገና ይለቀቃል። ቀበቶ አያስፈልገውም። ሁለት ረድፍ ቁልፍም እንዳትመርጪ፤ ደረት ላይ ጨርቅ በጨርቅ ይደራርባል። ርዝመቱ ከጉልበትሽ ጥቂት ዝቅ ይበል፣ ከኋላውም ሚኒባስ ስትሳፈሪ እግርሽን እንዳይይዝሽ ስንጥቅ ይኑረው።

ስለ ኮሌታው ብዙ አስቤበታለሁ። ሱቅ የሚሸጡት ኮፍያ ያላቸው ጃኬቶች ነጠላ ሲደረብባቸው ማጅራት ላይ ጉብታ ይሠራሉ፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ኮሌታም ነጠላውን ከራስሽ ላይ እየገፋ ያወርደዋል። ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ አሥር ጊዜ ነጠላሽን ስትመልሺ እያየሁ አድጌያለሁ። የአንቺ ኮሌታ አጭርና ትከሻ ላይ ተኝቶ የሚቀር ይሆናል። ነጠላው በላዩ ላይ ይረጋል፣ ጥለቱም ይታያል።

ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ እንደሚያስቸግሩሽም ነግሬያቸዋለሁ። ትልልቅ አራት ቁልፍ ይበቃል፤ ቀዳዳውም ላላ ያለ ይሁን። ገበሩ የሚያንሸራትት ጨርቅ ከሆነ ትከሻሽን ሳትጠመዝዢ እጅጌውን ታጠልቂያለሽ። ሲሰቀል የሚያምር ግን ሲለበስ ትከሻ የሚያጎብጥ ከባድ ጨርቅ አልገዛም፤ ቀን ፀሐይ ሲበረታ በክንድሽ ይዘሽው ትመለሻለሽና።

ለሠፈር የምትለብሺውን ጃኬት ግን ዝግጁውን ገዝቼልሻለሁ። ውስጡ የተሞላው ስስ ነው፣ ዳሌ ይሸፍናል፣ ዚፑም ከታች በኩል ስለሚከፈት ስትቀመጪ ሆድሽ ላይ አይነሣብሽም።

አሁን ስለ ቀለሙ። አባዬ ካረፈ አራት ዓመት ሆነ። ጥቁርሽን በዓመቱ ታወልቂያለሽ ብለን ነበር፤ ከዚያ በኋላ «ጥቁር ያቀጥናል» ብለሽ እዚያው ቀረሽ። እኔ ግን ፎቶሽን አውቀዋለሁ፤ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ከአባዬ ጋር ቆመሽ ወይን ጠጅ ሹራብ የለበስሽበትን። ያ ቀለም ፊትሽን ያበራዋል። ሰውነትን የሚያሳምረው አቆራረጡ ነው፤ ልኩን የጠበቀ ወይን ጠጅ ካፖርት ከተንዘረፈፈ ጥቁር ካፖርት ይልቅ ያምርብሻል። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ልኬልሻለሁ፤ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ደማቅ አረንጓዴ። በመብራት አትያቸው፤ በረንዳ ላይ ወጥተሽ ፊትሽ አጠገብ ያዢያቸውና እቴቴ ትፍረድ። ጥቁር ቁራጭ አልላክሁም።

ልክሽን እቴቴ ትውሰድልኝ። ሹራብሽን ለብሰሽ፣ እጅሽን አውርደሽ፣ ትንፋሽሽን ሳትይዢ ቁሚ፤ ሜትሩን አታስጠብቂያት። የደረትሽን ሙላት፣ የዳሌሽን ዙሪያ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ፣ ደግሞ የላይኛው ክንድሽን ዙሪያ እፈልጋለሁ። የክንዱን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ኋላ እጅጌው የሚያንቀው ለዚህ ነው። ቁጥሩን አሳንሰሽ እንዳትነግሪኝ፤ ሰፊው ለመላወሻ በደረቱ ላይ 12 ሴንቲሜትር ያህል ራሳቸው ይጨምሩበታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ወረቀቱ አጠገብሽ ይሁን።

የምትወድሽ ልጅሽ