ለአባቴ፦ የልጅ ልጅዎ ስለ መረጠው ሥራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስለ ልጄ የጠየቁኝ ጥያቄ በስልክ ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልስልዎ ወደድሁ። «ትወና እንጀራ ይሆነዋል ወይ? ገና ሳይገባበት ብታስቆሚው አይሻልም ወይ?» ነበር ያሉኝ። «ይሆነዋል» ብዬ በባዶ ተስፋ ልሸነግልዎ አልፈልግም። ይልቁንስ እኛ በምንኖርበት በሰሜን ለንደን ካደጉትና እንደ እኛው ከአፍሪካ ከመጡ ወላጆች ከተወለዱት መካከል አንዱ ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደ ገባ ልንገርዎና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ። ዓመታቱን የምጽፍልዎ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ዳንኤል ካሉያ ይባላል። በ1989 ለንደን ውስጥ ከኡጋንዳውያን ወላጆች ተወለደ፤ ያደገውም በካምደን፣ የአካባቢው ምክር ቤት በሚያከራያቸው ቤቶች ውስጥ፣ ከእናቱና ከእኅቱ ጋር ነው። በ2021 ኦስካር ሲሸለም እናቱ እዚሁ ለንደን ሆነው ሲመለከቱ በቴሌቪዥን ታይተዋል። የዚያን ቀን ደስታ ሁሉም ሰው ያወራዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለፉት ዓመታት ናቸው፤ ምክንያቱም የእርስዎ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያ ተውኔቱን የጻፈው ገና በ9 ዓመቱ ሲሆን ሃምፕስቴድ በሚባለው ቴአትር ቤት ለመድረክ በቅቶለታል። ከዚያ በኋላ ትወናን የተማረው በሁለት የሠፈር ማሠልጠኛዎች ነው። አንደኛው በካምደን የነበረ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ቅዳሜና እሑድ ይማሩበት የነበረ የኪነ ጥበብ ተቋም ነው። ሁለተኛው አና ሼር የተባለች መምህርት በ1968 በኢዝሊንግተን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚካሄድ ክበብ የጀመረችው ቴአትር ነው። በዚያ ቴአትር ልጆቹ በቃል የሚያጠኑት ጽሑፍ አይሰጣቸውም፤ አንድ ሁኔታ ብቻ ተነግሯቸው፣ ለምሳሌ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ጠፋ ገንዘብ ሲጨቃጨቁ፣ ንግግሩን እዚያው እየፈጠሩ ይጫወታሉ። እኔ የዚህን ዘዴ ጥቅም አቃልዬ አላየውም። ሳይዘጋጅ የሚናገር ልጅ ሌላው የሚለውን በጥሞና መስማት ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ለማንኛውም ሥራ የሚበጅ ልማድ ነው።

በ2006 በቢቢሲ በቀረበ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ አነስተኛ ሚና አገኘ። በቀጣዩ ዓመት «ስኪንስ» በተባለው፣ ስለ ብሪስቶል ከተማ ወጣቶች በሚተርከው ተከታታይ ድራማ ውስጥ መታየት ጀመረ። የዚያ ድራማ አዘጋጆች የወጣቶቹን ሚና ለእውነተኛ ወጣቶች ሰጡ፤ ጽሑፉንም ቢሆን ከወጣት ጸሐፊዎች ጋር ነበር የሚያዘጋጁት። ዳንኤልም እየተወነ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይጽፍ ነበር። አብሮት የተጫወተው ዴቭ ፓቴል በ2008 «ስለምዶግ ሚሊየነር» በተባለው ፊልም ዋና ተዋናይ ሆኖ ዓለም ሁሉ አወቀው። ዳንኤል ግን ዓለም እስኪያውቀው ድረስ ከዚያ በኋላ ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆየ። ለልጄ ደጋግሜ የምነግረው ይህንን ነው፤ በአንድ ድራማ አብረው የጀመሩ ሁለት ወጣቶች፣ ሁለቱም ጎበዞች ሆነው ሳለ፣ አንዱ ወዲያው ሲወጣ ሌላው ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ይህንን መሸከም የማይችል ሰው በሥራው አይቆይበትም።

እርስዎ ቢያዩት ይወዱት ነበር ብዬ የማስበው በ2010 የሠራውን ተውኔት ነው። የሮይ ዊሊያምስ ድርሰት ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ በአንድ ነጭ አሠልጣኝ ሥር ቦክስ ስለሚማሩ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ይተርካል። ሮያል ኮርት የተባለው ስመ ጥር ቴአትር ቤት ለዚህ ሥራ ሲባል አዳራሹን ለውጦ የቦክስ መድረክ አደረገው። ተመልካቹ ተዋናዮቹ ሲያልባቸውና ሲያለከልኩ በቅርብ ስለሚያያቸው፣ ቦክሰኛ መስሎ መታየት ብቻ አይበቃም ነበር፤ ሰውነትን በልምምድ መሥራት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የብሪታንያ ተቺዎች ማኅበርም፣ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣም የአዲስ ተዋናይ ሽልማታቸውን የሰጡት ለእርሱ ነው። ዕድሜው 21 ነበር። እርስዎ የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ በራዲዮ እያደመጡ «ይህ ሰው ምን ያህል ደክሞበት ይሆን!» ይሉ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ አድናቆትዎ ሁልጊዜ ለድካሙ ስለ ነበረ ነው ይህንን በዝርዝር የጻፍሁልዎ።

በ2011 እርስዎ «ሚስተር ቢን» ብለው ከሚያውቁት ከሮዋን አትኪንሰን ጋር በአንድ አስቂኝ የስለላ ፊልም ተጫወተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ «ብላክ ሚረር» በተባለው ተከታታይ አንድ ክፍል ውስጥ ዋናው ተዋናይ ሆኖ ቀረበ። በዚህ ክፍል ከብስጭቱ ብዛት የመስታወት ስባሪ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በችሎታ ውድድር መድረክ ላይ ለዳኞቹ የልቡን የሚናገር ወጣት ሆኖ ይታያል። ንግግሩ ረጅም ነው፤ እኔ ካየሁት ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም ያ ንዴት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ደስ የማይል ክፍል ልደብቅዎ አይገባም። ያ ሁሉ ሥራና ሽልማት እያለ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት የሚገባውን ሚና እያጣ ተስፋ ቆርጦ፣ ትወናውን ለጊዜው ትቶት እንደ ነበር ራሱ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ልጄም ይህ ሊገጥመው እንደሚችል አውቃለሁ፤ እርሱም እንዲያውቀው አድርጌአለሁ። የዳንኤልን መንገድ የከፈተው ያ የ2011 ክፍል ነው። ጆርዳን ፒል የተባለው አሜሪካዊ ያንን ክፍል ተመልክቶ፣ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲያዘጋጅ ዋናውን ሚና ሰጠው። «ጌት አውት» የተባለው ይህ ፊልም ወደ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ወጥቶበት በ2017 ሲታይ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ዳንኤልንም ለኦስካር አሳጨው። በ2018 የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ የወጣት ተዋናይ ሽልማቱን ሲቀበል፣ እርሱ በእንግሊዝ ለኪነ ጥበብ የሚደረግ የገንዘብ ድጋፍ ውጤት መሆኑን ተናግሮ፣ ድጋፉን የሚሰጡትን አመሰገነ። ልቤን የነካኝ ከንግግሩ ሁሉ ይህ ነው። የሀብታም ልጅ አይደለም፣ ከቤተሰቡም የሚያስገባው ዘመድ አልነበረውም፤ ሕዝብ በግብሩና በመዋጮው ያቆማቸው ቦታዎች ነበሩትና በእነርሱ ተምሮ አደገ። እኔም ለዚህ አገር ግብር የምከፍል ሰው ነኝ፤ ልጄ በዚያው በር ቢገባ መብቱ ይመስለኛል።

ትምህርቱን ያቋርጣል ብለው መስጋትዎ ይገባኛል። ሆኖም በእንግሊዝ ሕግ የግዴታ ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅ በፊልም ወይም በቴሌቪዥን እንዲሠራ ሲፈለግ በአብዛኛው የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ መስጠት አለበት። ወላጁ ወይም መምህሩ አብሮት ከሌለ ፈቃድ ያለው ጠባቂ ይመደብለታል፤ ዕድሜው 9 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅም በቀን ከ5 ሰዓት በላይ እንዲተውን አይፈቀድም፤ በሥራ ላይ እያለም ትምህርቱ እንዲቀጥል ይደረጋል። ከዚህም ሌላ እኔና አባቱ ተመካክረን፣ የሒሳብና የሳይንስ ውጤቱ እንዳይወርድ፣ ከወረደም ሊጀምረው ያሰበው የቅዳሜ የትወና ትምህርት ለጊዜው እንዲቆም ከእርሱ ጋር ተስማምተናል። ሳያጉረመርም ነው የተቀበለው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የቅዳሜው የትወና ትምህርት በሚቀጥለው ወር ይጀምራል፤ ለሁለት ዓመት እንዲማር ይፍቀዱለት። እርስዎን ቅር አሰኝቶ መጀመር እንደማይፈልግ ነግሮኛል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ይደውልልዎታል፤ አማርኛው አልፎ አልፎ ቢሰናከልም ያዳምጡት፤ ምን መጫወት እንደሚወድና ለምን እንደ ወደደው ይጠይቁት። መልሱ ካላረካዎ በግልጽ ይንገሩት፤ ከእኔ ይልቅ የእርስዎን ቃል ይሰማልና።

ልጅዎ
ከለንደን