ሳልነግርሽ የቀረሁት የብርድ ልብስ ነገር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? መልእክትሽን ያነበብኩት ማታ ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። አራት ዓመት ድምፄን ካጠፋሁብሽ በኋላ አንድ የወቀሳ ቃል እንኳ ሳታስገቢ፣ ለታመሙ ሕፃናት ማሳከሚያ የሚሆን የገቢ ማሰባሰቢያ ጨረታ እንድታዘጋጂ መመረጥሽን ነግረሽ «ሰው የሚሻማበት ዕቃ ከየት ይገኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ብትወቅሺኝ ይቀለኝ ነበር። የዝምታዬ ምክንያት ከጥያቄሽ ጋር የተሳሰረ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። እኔም እንዲህ ያለ ጨረታ ማዘጋጀት በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ ደብዳቤ አርቅቄ፣ አባዝቼ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ስልሳ ለሚሆኑ ድርጅቶች በተንኩት። አብዛኞቹ መልስ አልሰጡኝም። የመለሱትም ምልክታቸው የታተመበት ኩባያ፣ ቀን መቁጠሪያ፣ ከመጋዘን የተረፈ ዕቃ ላኩልኝ። ጠረጴዛው ስለ ሞላ ደስ አለኝ። ማታ ግን ተጋባዡ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተመለከተ አለፈ። የዕቃ ብዛት ጨረታን እንደሚያዳክም ያን ቀን ገባኝ። ዋጋ ከፍ የሚለው ቢያንስ ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር አጥብቀው ሲመኙት ነው፤ የሚመኘው አንድ ብቻ ከሆነ በመነሻ ዋጋው ይወስደዋል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ሰማንያ ዕቃ ለመቶ ሰው ስትደረድሪ ተፎካካሪዎቹን ራስሽ ትበታትኛቸዋለሽ።

ስለዚህ ዕቃ ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት የተጋባዦቹን ስም ዝርዝር ይዘሽ ተቀመጪ። እነማን ናቸው? ምን ይወዳሉ? ጊዜ ያጠራቸው ናቸው ወይስ ጊዜ የተረፋቸው? እኔ አሁን በእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ሊፈልጉት የሚችሉ የሁለት ሰዎች ስም በእርሳስ እጽፋለሁ። ሁለት ስም ካጣሁለት ዕቃውን በምስጋና ተቀብዬ ወደ ቶምቦላው አዛውረዋለሁ። አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ባፌት ለሳን ፍራንሲስኮው የግላይድ በጎ አድራጎት ድርጅት ብሎ ለጨረታ ያቀርበው የነበረውን የምሳ ግብዣ ታስታውሻለሽ? እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር ያስገኘው 25,000 ዶላር ያህል ነበር። በ2003 ጨረታው ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ ከ250,000 ዶላር በላይ ደረሰ፤ የ2022ቱ ደግሞ 19 ሚሊዮን ዶላር አስገኘ። ምሳው ያው ምሳ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አሥር እጥፍ ያሳደገው ግን የሚመኙት ሰዎች ባሉበት ቦታ መቅረቡ ይመስለኛል።

ከሱቅ የሚገዛ ነገር ዋጋው ይታወቃል። ተጫራቹ በልቡ የሱቁን ዋጋ ይዞ ይመጣል፣ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ እኔ የምፈልገው የትም የማይሸጠውን ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ዘንድ ሄጄ ነበር፤ የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር፣ ፊደላቸው እንደ ሐረግ የተያያዘ። «የምሰጠው ነገር የለኝም» አሉኝ። ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ግን አንድ ሐሳብ አመጡ፤ ለአሸናፊው እናት ወይም አባት አምስት ቀን ሄደው ተቀምጠው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ከአንደበታቸው ሰምተው በእጃቸው በጥሩ ወረቀት ላይ ሊጽፉ። ዕቃ የለም፣ ወጪ የለም። አዳራሹ ውስጥ ያ ተራ ሲደርስ የሆነውን ብታዪ! ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሁለቱም አረጋዊ ወላጅ ያሏቸው፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲጨምር ከመነሻው ሰባት እጥፍ አደረሱት። መምህርቷን አስቀድሜ «ካስፈለገ ሁለት ጊዜ ይሸጥ?» ብዬ አስፈቅጄ ስለ ነበር፣ አጫራቹ ለተሸነፈውም በዚያው ዋጋ እንዲወስድ ጠየቀው። እሺ አለ። በአንድ ስጦታ ሁለት ገቢ አገኘን፤ አዝኖ ወደ ቤቱ የተመለሰም አልነበረም። ይህን ፈቃድ ከእያንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ አስቀድመሽ ያዢ። እመድረክ ላይ መጠየቅ ሰውን ማስገደድ ነው።

በየሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አለ። «ምን ትሰጣለህ?» ስትይው የለኝም ይልሻል፤ «ሰዎች ምን እንድታሳያቸው ይጠይቁሃል?» ስትይው ግን ወሬው አያልቅም። አናጢው ከአሸናፊው ልጅ ጋር አብሮ ወንበር ይሠራል። የቲያትር ሰው ከመጋረጃው በስተጀርባ ልምምድ ያሳያል። ስም የማውጣት መብት እንኳ ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ቦሊቪያ ውስጥ በማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ ለተገኘ አዲስ የጦጣ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም የመስጠት መብት ለጨረታ ቀርቦ ለፓርኩ ጥበቃ 650,000 ዶላር አስገኝቷል። እኛ ዝርያ ባናገኝም የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወይም በግቢ የሚተከል ዛፍ በሰው ስም ይጠራ ዘንድ ፈቃድ መጠየቅ እንችላለን። ልዕልት ዳያናም እ.ኤ.አ. በ1997 ከልጇ ከዊሊያም በመጣ ሐሳብ 79 ቀሚሶቿን ኒው ዮርክ ላይ አስጨርታ ለካንሰርና ለኤድስ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስባለች። ልብሱ ከቁም ሣጥን የወጣ ነበር፤ ሰዎች የከፈሉት ለብሳው ለታየችበት ቀን ነው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። ከሆቴል ወይም ከሌላ ቦታ የሚሰጥሽን የስጦታ ኩፖን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ጭምር አንብቢ። እኔ ያላነበብኩት አንዱ በስድስት ሳምንት የሚያበቃና በበዓላት የማይሠራ ሆኖ፣ አሸናፊዋ እያለቀሱ ተመለሱብኝ፤ ገንዘባቸውን ከኪሴ መለስኩ። ቢያንስ የአንድ ዓመት ጊዜ እንዲሰጡሽ ለምኚ። ሁለተኛው፣ «የጉዞ ጥቅል በነጻ እናቀርብላችኋለን» የሚሉ ሻጮች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከዋጋው ላይ የራሳቸውን የተወሰነ ድርሻ ይወስዳሉ፣ ለሕፃናቱ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። ድርሻቸውን በጽሑፍ ሳታዪ አትፈርሚ።

በአጫራች የሚሸጡት ከአሥር አይብለጡ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይደክማል። ምርጡን መጀመሪያ አታውጪው፣ ሰው ገና እየገባ ነው። ለመጨረሻም አታቆዪው፣ ሰው መውጣት ይጀምራል። የቀሩት ጠረጴዛ ላይ ሆነው ተጫራቾች ስማቸውንና የሚከፍሉትን ዋጋ አጠገባቸው ባለው ወረቀት ይጻፉ፤ መነሻቸው ከእውነተኛ ዋጋቸው ከግማሽ አይብለጥ። ትንንሾቹን በአንድ ርእስ ሰብስበሽ በቅርጫት አቅርቢያቸው።

አሁን ወደ ዝምታዬ ልምጣ። የዛሬ አራት ዓመት የሱፍ ብርድ ልብስ ልከሽልኝ ነበር። እናትሽን ስታስታምሚ፣ ሌሊት ሌሊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠሽ የሠራሽው፤ ቀለሞቹን እሳቸው እየመረጡልሽ። ይህን ሁሉ አብሮት በመጣው ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? በጥድፊያ ላይ ነበርኩና «ብርድ ልብስ፣ በእጅ የተሠራ» ብዬ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከጠረጴዛው ጥግ አስቀመጥኩት። ማንም ስሙን ሳይጽፍበት ሰዓቱ አለቀ። አንቺ ከሐዘንሽ ሳትወጪ የላክሽውን ስጦታ ማንም አልገዛውም ብዬ እንዴት ልንገርሽ? በመነሻ ዋጋው ራሴ ገዛሁትና ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። «ነገ እጽፍላታለሁ» እያልኩ ወር አለፈ፣ ከዚያ ዓመት፣ ከዚያ መጻፉ ራሱ አስፈራኝ።

ጥፋቱ የብርድ ልብሱ እንዳልነበረ ገና ያን ማታ አውቄው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያዊው ጋዜጠኛ ዲሚትሪ ሙራቶቭ የኖቤል የሰላም ሜዳሊያውን በዩኒሴፍ በኩል ለተፈናቀሉ የዩክሬን ሕፃናት ብሎ ሲያስጨርት በ103.5 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ስሰማ ደግሞ የበለጠ ቆጨኝ። ከዚያ በፊት ለኖቤል ሜዳሊያ በጨረታ የተከፈለው ከፍተኛ ዋጋ በ2014 ለሳይንቲስቱ ለጄምስ ዋትሰን ሜዳሊያ የተከፈለው 4.76 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሁለቱ መካከል የተለየው ወርቁ አልነበረም፤ ለማን ተብሎ እንደ ተሰጠ ዓለም ማወቁ እንጂ። እኔ ያንቺን ታሪክ በኪሴ ይዤ፣ ሰዎቹ ፊት ሱፍ ብቻ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ዕቃ ካርድ የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ሰጪው ፈቅዶ፣ እሱ በነገረኝ ቃል። ጨረታው ባለቀ በሳምንቱ ውስጥም ለሰጪዎቹ ሁሉ ማን እንደ ወሰደው፣ ገንዘቡ ለምን እንደ ዋለ እነግራቸዋለሁ። ያልተሸጠበትንም አልደብቅም። ለአንቺ ያላደረግኩት ይህንን ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ብርድ ልብሱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አንድም ቀን አልተኛሁበትም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። ለራስሽ ልታስቀሪው ትችያለሽ፣ ያንቺና የእናትሽ ነውና ደስ ይለኛል። ለሕፃናቱ ልታቀርቢው ከወደድሽም ካርዱን ጽፌ ከላዩ ሰፍቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «አንዲት ልጅ እናቷን ስታስታምም በሌሊት የሠራችው። ቀለሞቹን የመረጡት እናቷ ናቸው። ሰማያዊው ከሁሉም በፊት የመረጡት ነው።» ስለ ሰማያዊው የተሳሳትኩት ካለ አርሚው፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ቀኑ ሲቆረጥ ንገሪኝ፣ መጥቼ ጠረጴዛውን አብሬሽ እደረድራለሁ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ