ዘጠኝዋ ልብ

ውዴ፣ እንደምን ከርመሻል? የጠፋሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለመልእክትሽ ሳልመልስ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ከዚያ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ባፈርኩ ቁጥር መጻፉ እየከበደኝ ሄዶ ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ይቅር በይኝ።

ምን እንደያዘኝ የገባኝ በስፖርት በኩል ነው። ስፖርት የሠራሁበትን ቀን በተከታታይ የሚቆጥር አፕ ስልኬ ላይ ነበረኝ። 41 ደረስኩ። ጉንፋን ጣለኝና አንድ ቀን አለፈኝ፣ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። በቃ፣ አምስት ወር ሙሉ ተውኩት። ሰውነቴ እኮ ምንም አልሆነም ነበር። ወኔዬን የሰበረው ያ ዜሮ ነው።

አሁን የራሴን ጨዋታ ፈጥሬያለሁ። ሁለቱን ጆከር ጨምሮ 54 ካርታ የጥርስ ብሩሼ አጠገብ አለ። ጠዋት ስልክ ሳልነካ አንድ እስባለሁ። ቁጥሩን በአምስት ሳባዛው የቀኑ ደቂቃዬ ይሆናል። ቀይ ከሆነ ወጥቼ እራመዳለሁ፤ ጥቁር ከሆነ እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ ሰውነት ማፍታታት። ሥዕል ያለበት ካርታ እንደ 10 ይቆጠራል፣ አስ እንደ 1። ጆከር ሲወጣ ማረፍ ነው፣ ያለ ምንም ጸጸት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አስልቼዋለሁ፣ ካርታው በአማካይ ከ200 በላይ ያመጣል።

ከሁሉም የምወደው ሕግ ግን ይሄ ነው፦ ያልሠራሁት ካርታ ከሥር ይገባል። ዜሮ የለም፣ ቅጣት የለም፣ ነገ ሌላ ይሳባል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሰው አዲስ ልማድ እስኪለምድ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አጥንተው ነበር። አማካዩ 66 ቀን ሆኖ ከ18 እስከ 254 ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ልማዱን ያን ያህል አልጎዳውም። ይህንን በዚያ በአምስቱ ወር ባውቀው ኖሮ!

ከካርታዎቹ መካከል ጫፏ የታጠፈ፣ የቀይ ልብ ሥዕል ያለባት ዘጠኝ ቁጥር አለች። 45 ደቂቃ ናት። ሦስቴ ወጥታ ሦስቴ ከሥር መለስኳት። በአራተኛው፣ ባለፈው ሳምንት፣ እያካፋ ወጣሁ። ስመለስ ካልሲዬ እግሬ ላይ ተጣብቋል፣ ጣቶቼ ቀዝቅዘው ካርታዋን በቅጡ መያዝ አቅቷቸዋል፤ ከተሠሩት ላይ ሳስቀምጣት ግን ልቤ ሞላ። ያን ዕለት ማታ ነው ላንቺ ልጽፍ የቆረጥኩት።

መጨረሻ ስናወራ ወገብሽን እንደሚያምሽና ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ቢልሽም ልብሽ እምቢ እንዳለሽ ነግረሽኝ ነበር። አሁንስ እንዴት ሆነሽ? ካርታውን ከሞከርሽው በአምስት አታባዢ፣ በሁለት ጀምሪ። ካልፈለግሽም ጥቁሮቹን አውጪያቸው፤ ጨዋታው ያንቺ ነው፣ ማንም አይቆጣጠርሽም።

ዛሬ ጥቁር 4 ወጥቶልኛል፣ ይህን ስጨርስ 20 ደቂቃ አለብኝ። አንቺም አንድ ሳቢና ምን እንደወጣልሽ ጻፊልኝ። ብትዘገዪም እጠብቃለሁ።

ናፋቂሽ