ሥሩን ሳታዪ ውሃ አትስጪ

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ እናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ከፍራንክፈርት ደውላ ነበር። ሌሊት ፈረቃ ከገባሽ ወዲህ እህል በወጉ አትቀምስም አለችኝ። ለልደትሽ የተሰጠሽ ኦርኪድም ማሰሮ ከቀየርሽለት በኋላ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው ብላ ፎቶውን ላከችልኝ። የምግቡን ነገር እመለስበታለሁ፤ እንደማልተወው ታውቂያለሽ።

በፎቶው ላይ ከማሰሮው ሥር ያለው ሳህን ውሃ አቁሯል። ይህን ስታነቢ ተነሺና ድፊው። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ሰው ሁሉ የጠማው ይመስለዋል። ሥሩ የበሰበሰ ኦርኪድ ግን ውሃ ውስጥ ተቀምጦም ይጠማል፤ የሚጠጣበት የለውማ። ለዚህ ነው ውሃ የበዛበትም ውሃ ያጣም ቅጠሉ አንድ ዓይነት የሚልፈሰፈሰው። ሥሩን ሳታዪ ውሃ አትስጪ።

በመጀመሪያ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ልብ በዪ። ከሁሉም በታች ያለው አንዱ ብቻ ከሆነ አትደንግጪ። ያረጀ ቅጠል ነው፤ ተክሉ ምግቡን ከእሱ እየሳበ ለአዲሱ ይሰጣል። አትቁረጪው፣ ራሱ ደርቆ ይውደቅ። ሁለት ሦስት ቅጠል በአንድ ጊዜ ከሆነ ችግሩ ከሥር ነው። ከመሀል የሚወጣው ለጋ ቅጠል ግርጌው ጠቁሮ ሲነካ ተነቅሎ ከመጣ ግን እምብርቱ በስብሷል ማለት ነው፤ ያኔ ተስፋው ትንሽ ነው። በፀሐይ በኩል ብቻ የነጣ ወይም የተቃጠለ ጠባሳ ካየሽ ደግሞ ፀሐይ መትቶት ነው፤ ከሥር ጋር አይገናኝም።

አሁን ከማሰሮው አውጪው። በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ሥሮቹን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ አድርጊያቸው። ጠንከር ያለ ሥር ሕያው ነው፤ ብርሃን ሳያገኝ ቆይቶ ቢጫ ወይም ቡናማ ቢመስልም አትንኪው። ስትጫኚው የሚፈርጥ፣ ልጣጩ ተገፎ ክር ብቻ የሚቀር ከሆነ ሞቷል። መቀሱን በአልኮል ጥረጊና የሞተውን ብቻ ቁረጪ። የሱቅ ኦርኪድ አንድ ተንኮል አለው፤ ብዙ ጊዜ ከሥሮቹ መሀል የታመቀ ሞስ፣ ያ ውሃ የሚይዘውን ለስላሳ ሽበት መሳይ ተክል፣ ይተዉበታል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንታት ይረጥባል፤ ብስባሴው የሚነሳውም ከዚያ ነው። ማሰሮ ስትቀይሪ ሳታወጪው ቀርተሽ እንደሆነ አሁን በጣትሽ ፈልፍለሽ አውጪው።

ለሻይ የላክሁልሽ ቀረፋ ካለ ፈጭተሽ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቻ ነካ አድርጊ። ጤነኛው ሥር ላይ እንዳይደርስ፣ ያደርቀዋል።

መትከያው የጥድ ቅርፊት ይሁን፤ የአትክልት አፈር በፍጹም። ፋሌኖፕሲስ፣ የአንቺ ዓይነቱ ኦርኪድ፣ በትውልድ አገሩ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው። ሥሩን ዝናብ ያርሰዋል፣ ንፋስ ያደርቀዋል። ቦንጋ አጎትሽ ጋ ያሉትን የቡና ጥላ ዛፎች አስታውሺ፤ እኛም አገር ግንድና ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶች አሉ፣ አንዳቸውም አፈር ውስጥ አልተቀበሩም። አዲስ ቅርፊት ደረቅ ከሆነ ውሃን ይገፋልና ከመትከልሽ በፊት ሌሊቱን ዘፍዝፊው። ማሰሮው ሥሮቹን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ታቹ ቀዳዳ ያለው፣ ቢቻል ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ይሁን፤ 12 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ሰፊ ማሰሮ ቶሎ አይደርቅም። የታችኞቹ ቅጠሎች መነሻ ከቅርፊቱ በላይ ይቅር፣ እንዳትቀብሪው። ወደ ውጭ የወጡትን ሥሮችም በግድ አታስገቢ።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ የበረንዳዋን ቫዮሌት አበባ ያጠጣ ነበር። ቅጠሏ ቢጫ ሲል ይጨምርላታል፤ ሲብስባት ደግሞ ጠዋትም ማታም። ከእንግዳ ሁሉ በፊት የሚያሳያት እሷን ነበር። የሞተች ቀን ለማንም ሳይናገር ማሰሮዋን አጥቦ ገልብጦ አስቀመጣት፤ ምን እንደገደላት የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የአንቺም እጅ የእሱ እጅ ነው፤ የወደደውን ማጠጣት ነው የሚያውቀው። ሥሩን ሳታዪ ውሃ አትስጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

ከተከልሽው በኋላ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን ያለ ውሃ ይቆይ። ከዚያ በፕላስቲኩ ውስጥ እያየሽ ነው፤ ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ተይው፣ ብርማ ግራጫ ሲሆን አጠጪ። በቅርፊት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፤ የምታምኚው ግን ሥሩን እንጂ ካላንደሩን አይደለም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ንከሪውና ጥሩ አድርጎ ይንጠፍጠፍ። እምብርቱ ላይ ውሃ ከቀረ በሶፍት ጫፍ ምጠጪው። የውሃ ማፍያሽ ውስጥ ነጭ ኖራ የሚጋገር ከሆነ የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ተጠቀሚ።

ፎቶው ላይ ማሞቂያው ልክ ከመስኮቱ ሥር ነው። ኦርኪዱን አንሺው ከዚያ! ደረቅ ሙቀቱ ከታች፣ ቀዝቃዛው መስታወት ከጎን ሆነው ይጨርሱታል። በስተምሥራቅ ያለው የመኝታ ቤትሽ መስኮት ይሻለዋል። ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች አይውረድበት። ማዳበሪያም አሁን አይደለም፤ የቆሰለ ሥር ጨው ያቃጥለዋል። አዲስ አረንጓዴ የሥር ጫፍ ስታዪ ጀምሪ፣ እሱንም ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሩቡን። የተረፉት ጤነኛ ሥሮች ሦስት አራት ብቻ ከሆኑ የአበባውን ዘንግ ቁረጪው። እንደሚያሳዝንሽ አውቃለሁ፤ አበባና ሥር በአንድ ጊዜ የሚያበቅልበት አቅም የለውም። ቢጫ የሆነው ቅጠል መልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ በየሳምንቱ እያወጣሽ አታስቸግሪው።

አንቺም ከፈረቃ ስትመለሺ ሳትበዪ እንዳትተኚ። ሽሮውን ከአክስትሽ ውሰጂ፣ ተፈጭቶ የመጣ ነው፣ ማብሰያው ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የደም ማነስሽን መድኃኒትም ጨርሰሽ እንደሆነ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ አልችልም አትበይኝ።

ሥሩን አጽድተሽ ከመትከልሽ በፊት በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። መልሴ እስኪደርስሽ ጠብታ ውሃ እንዳትሰጪው።

እናትሽ