ሕፃኑን አንቺ ያዢልኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? የዓይን ጠብታሽን አደራ እንዳታቋርጪ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ እኮ ልብ ለልብ ማውራት አቅቶናል፤ ገና «ሄሎ» ስንባባል ማሙሽ ስልኩን ይነጥቀኝና አንቺም ከእሱ ጋር ስትስቂ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ እሱም አባቱም ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ፊደሉን ያተለቅሁት ወንድሜ እንዳያነብልሽ ብዬ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ልንገርሽ፣ አለዚያ ሐሳብ አይለቅሽም። ዛሬ 30 ሳምንት ሞላኝ። ደሜ ትንሽ አነስ ብሎ ስለነበር የብረት እንክብል ታዞልኛል፤ ሆድ ያደርቃል እንጂ ለውጡን አይቼዋለሁ፣ ደረጃ ስወጣ እንደ በፊቱ ልቤ አይደልቅም። የምተኛው በጎኔ ነው። የዚህኛው እንቅስቃሴ ቶሎ ነው የታወቀኝ። በማሙሽ ጊዜ 20ኛው ሳምንት አካባቢ «አንጀቴ ይሆን እንዴ?» እያልኩ ስጠራጠር ነበር፤ አሁን ግን ገና በ17ኛው ሳምንት፣ አንድ ምሽት እግሬን ዘርግቼ እንደተቀመጥኩ ውስጤ እርግብ ሲል ወዲያው አወቅሁት። ሴት ትሁን ወንድ አልጠየቅንም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ትልቁ ነው።

ማሙሽ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ሆነ። ማታ ማታ መጽሐፉን ይዞ ጭኔ ላይ ይወጣል። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ጭኔ እያጠረበት ሄደ፤ ይቀመጣል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይወጣል፣ ተመልሶ ይንሸራተታል። ከትናንት በስቲያ ሰለቸውና ዞሮ ጆሮውን ሆዴ ላይ ጣል አድርጎ ተኛ። ውስጥ ያለው ደግሞ ልክ በዚያው በኩል ረገጠው። ብድግ ብሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሆዴን አየና «ማነው?» አለኝ። «ሕፃኑ ነው፣ ሰላም እያለህ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ የራሱን ሹራብ ገልጦ ሆዱን አሳየኝ፤ «እኔም አለኝ» ብሎ። እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ሆዱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር።

ጡት እንዴት እንደተወ አልነገርኩሽም። ሳረግዝ ገና ይጠባ ነበር። ሐኪሟ «ደም ካልታየሽ፣ ያለጊዜው ምጥ የሚያሰጋሽ ካልሆነ መቀጠል ትችያለሽ» ስላለችኝ አላስጣልኩትም። አራተኛው ወር ላይ ግን ወተቱ እየቀነሰ መጣ፤ በእርግዝና እንዲያ ይሆናል፣ ሰውነት ለሚመጣው ልጅ እንገሩን ማዘጋጀት ይጀምራል። አንድ ሌሊት ጠባ፣ ለቀቀው፣ ወደ ሌላኛው ዞረ፣ እሱንም ለቀቀው። ከዚያ በመዳፉ ደረቴን መታ መታ አደረገና «አለቀ» አለ። አላለቀሰም። የሌሊት ልብሴን ራሱ ሳብ አድርጎ ሸፈነኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። የእሱን ድርሻ ገና ላላየሁት ልጅ ቀንሼ የሰጠሁበት መሰለኝ።

ያን ሌሊት ነው ያ በር ትዝ ያለኝ።

ወንድሜ ሲወለድ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆነኛል። በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጫማዬን ራሴ ስላደረግሁት የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ሆኗል፤ የመጣሁት እሱን ላሳይሽ ነበር። አንቺ አልጋ ላይ ነሽ፣ እሱ ደረትሽ ላይ ነው። ስጠራሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። አንድ ሰው፣ አክስቴ ትመስለኛለች፣ «እናትሽን አትረብሺ» ብላ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ሌላ የማስታውሰው የለም። ግን ይዤው አደግሁ። 16 ዓመቴ ላይ ተናድጄ «እሱ ከተወለደ ጀምሮ እኔን ረስተሽኛል» ያልኩሽ ቀን ልብስ እያጣጠፍሽ ነበር። አንድም ቃል አልመለስሽልኝም። አጥፈሽ የጨረስሽውን ሸሚዝ ፈታሽና እንደገና አጠፍሽው። እኔም ዝም ማለትሽን «አምናለች ማለት ነው» ብዬ ያዝኩት።

ባለፈው ለክትትል ስሄድ አዋላጇ ስለ ሁለተኛ ወሊድ አጫወተችኝ። ከወሊድ በኋላ ማህፀን ሲሰበሰብ የሚመጣው ቁርጠት ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው ይበረታል፣ ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ደግሞ ይብሳል አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አንቺን አየሁሽ። ደረትሽ ላይ ነበር እኮ፣ እየጠባ ነበር። ፊትሽን ያዞርሽው እንዳላይሽ ብለሽ ነበር እማዬ? ጥርስሽን ነክሰሽ ነበር? እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ከእኔ የዞረ ፊት አድርጌ ይዤው ኖርኩ። ለዚያ ቀን ንግግሬ ይቅር በይኝ። በስልክ ልልሽ ሞክሬ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው።

እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ማሙሽን «አሁንማ ትልቅ ሰው ሆንክ» ይለዋል። አልወድላቸውም። ሁለት ዓመቱ ነው፣ ትልቅ አይደለም። ፖፖ ላይ መቀመጥ ለምዶ የነበረው ልጅ አሁን ዳይፐሩን ራሱ ፈልጎ ያመጣልኛል፤ ሌሊት ይነቃል፤ ደረጃው ሥር ስንደርስ ሁለት እጁን ዘርግቶ «እቀፊኝ» ይላል። «ቀብጦ ነው፣ አትስሚው» ይሉኛል። እኔ ግን «ቦታዬ አለ ወይ?» እያለኝ ነው የሚመስለኝ። 13 ኪሎ ልጅ ይዤ በዚህ ሆድ ደረጃ መውጣት አልችልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ እልለትና እዚያው አቅፌው እንቆያለን። ሲጠግብ ራሱ ይነሳና እጄን ይዞ ይወጣል። አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ።

አልጋውንም ከአሁኑ ለየንለት፤ ከወለድኩ በኋላ ቢሆን ሕፃኑ ያስወጣው ይመስለዋል። ማጠቡንና ማስተኛቱን አባቱ ወስዷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እማዬ ብቻ!» እያለ በሩን ሲደበድብ እኔ ማድ ቤት ጆሮዬን ይዤ እቆም ነበር፤ አሁን ሁለቱ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ሕፃኑ መቼ እንደሚመጣ ሲጠይቀን ቀን አንነግረውም፣ «ከሁለት ወር በኋላ» ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። «እማማ መጥታ ትንሽ ቀን ስታድር» ነው ያልነው። ስለዚህ አንቺን ነው የሚጠብቀው። በር በተንኳኳ ቁጥር «እማማ!» ብሎ ይሮጣል።

ስለ ሁለተኛውም እጨነቃለሁ። በማሙሽ ጊዜ በየሳምንቱ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ የዚህኛው ሦስት ገጽ እንኳ አልሞላም። ሆዴን እየዳበስኩ ይቅርታ የምጠይቀው ጊዜ አለ።

«ፍቅር አይከፈልም፣ ይበዛል» ይሉኛል። እሱንስ አምናለሁ። ሰዓት ግን ይከፈላል። አራስ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። የሌሊቱን ብተወው እንኳ የቀኑ ከማሙሽ ላይ የሚነሳ ነው። ይሄን ሳሰላ ነው የማድረው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ባለፈው «ማሙሽን እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ከአራሱ ጋር አርፈሽ ትተኚያለሽ» ብለሽኛል። ለእኔ አስበሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ገልብጠሽ አድርጊልኝ። ሕፃኑን አንቺ ያዢልኝ። ሲርበው አምጪልኝ፤ ሲጠግብ ውሰጂና ደረትሽ ላይ አስተኚው። እኔና ማሙሽ አጠገባችሁ ሆነን መጽሐፋችንን እናነባለን፤ ጭኔም ያን ጊዜ ይመለስለታል።

ሁለተኛ ምጥ ብዙውን ጊዜ ያጥራል። የመጀመሪያው 18 ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ይሄኛው ግን ጊዜ ላይሰጠን ይችላል። ስለዚህ 37 ሳምንት ሲሞላኝ እዚህ ብትሆኚልኝ፤ ሌሊት ከተነሳብኝ ማሙሽ ጠዋት ሲነቃ የሚያየው ያንቺን ፊት ይሁን። ጓዝ አታብዢ፣ ጉልበትሽን ይጎዳሻል። መኝታሽን ታችኛው ክፍል አዘጋጅተንልሻል፣ ደረጃ የለብሽም። መድኃኒትሽን ግን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ።

ከሆስፒታል የምመለስ ቀን ደግሞ ማሙሽን ይዘሽ በሩ ላይ ጠብቂኝ። ባለቤቴ ሕፃኑን ይዞ መኪናው ውስጥ ትንሽ ይቆያል፤ እኔ ባዶ እጄን ቀድሜ እገባለሁ። ማንም «እናትህን አትረብሽ» እንዳይለው። ሊሮጥ ሲል ልቀቂው። ማንሳት ባልችል መሬቱ ላይ እቀመጥለታለሁ። ጫማውን ራሱ አድርጎት የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ሆኖ ብታዪው አታስተካክዪለት፤ እኔ እስካየው እንደዚያው ይቆይ።

የምትወድሽ ልጅሽ