ደብዳቤ ለልጄ፦ ቀይ ፋኖስ በደቻቱ ዳር

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መስከረም ጠባ ተባለ እንጂ ሙቀቱ ገና አልሰማም፤ እናትሽ ፍራሿን ግቢ አውጥታ መተኛት ከጀመረች ሳምንት አልፏታል።

ባለፈው ስትደውዪ «የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ነው» ብዬ የዘጋሁት ውሸቴን ነው። ተናድጄ ነበር። ደቻቱ ወንዝ ዳር በነጻ ስለተደረገው የሙዚቃና የጭፈራ ምሽት ላጫውትሽ ስጀምር፣ «አባዬ፣ ነጻ ነገር እኮ ሰው አያከብረውም፤ ትንሽ እንኳ ቢያስከፍሉ ሥርዓት ይኖረው ነበር» ብለሽ አቋረጥሽኝ። ሆቴል ውስጥ ዝግጅት ማሰናዳት እንጀራሽ ስለሆነ እንዲያ ብታስቢ አልፈርድብሽም። ግን ገና ግማሹን ሳትሰሚ ነው የፈረድሽው። ስለዚህ በወረቀት ልንገርሽ፤ ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

ነገሩን የጀመሩት የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ጄኔሬተሩን ከአንድ ብየዳ ቤት ለመኑ፣ ቤንዚኑን የባጃጅ ሾፌሮች አዋጡ፣ ድምፅ ማጉያውን ለሠርግ የሚያከራይ ሰው ለአንድ ሌሊት በምርቃት ሰጣቸው። የዕድሩን ወንበር አስፈቅጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሦስቱ እስካሁን አልተመለሱም፤ ይህን ለዕድሩ ዳኛ አትንገሪ።

የተጣላነው በቦታው ነው። ልጆቹ መድረኩንም ተመልካቹንም አሸዋው ላይ ሊያደርጉት ፈለጉ። እውነታቸውን ነው፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለበት ሰፊ አሸዋ ነው፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፤ ከዚያ የተሻለ አዳራሽ ከየት ይመጣል? እኔ ግን አይሆንም አልኩ። ደቻቱ ከተማው ላይ በዘነበው ዝናብ ብቻ አይሞላም። ከበላያችን ደንገጎ ተራራ ላይ የጣለው ነው ሳያስጠነቅቅ የሚወርደው፤ እኛ ጋ ሰማዩ ኮከብ እንደሞላ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት አንቺ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ጩኸቱ ሲቀሰቅሰኝ «በዚህ ሰዓት የምን ባቡር ነው?» ብዬ መብራት አብርቼ ሰዓቴን አየሁ፤ እስቲ አስቢው፣ የባቡር ሰዓት ስቆጥር ነው ጎርፉ ከተማውን የገባው። ከ250 በላይ ሰው በተኛበት ሄደ። ሱሪዬን ይሰፋልኝ የነበረው ሰውዬ አንዱ ነው፤ ያን ሱሪ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ መድረኩ በከዚራ ሰፈር በኩል ዳሩ ላይ እንዲሆን ተስማማን። አንደኛው ልጅ ግን ሳቅ እያለ «እንግዲያው አባባ እርስዎ ውሃውን ይጠብቁልን» አለኝ። ለማሾፍ ነው ያለው። እኔ የምሩን ነው ብዬ ተቀበልኩት።

የምድር ባቡር ፋኖሴን ታውቂያታለሽ፤ ባለ ቀይ መስታወቷን፣ እናትሽ ሁልጊዜ «ጣላት» የምትለኝን። አቧራዋን ጠርጌ፣ ጋዝ ሞልቼ፣ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ደንገጎ ላይ ሻይ ቤት ያለው የድሮ ወዳጄን ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ እንደምደውልለት ነገርኩት። ሥራዬ እንዲህ ነበር፦ ፊቴን ወደ ተራራው፣ ጀርባዬን ወደ ሙዚቃው። ልጄ፣ ያን ምሽት ሙዚቃውን የሰማሁት በጀርባዬ ነው። አልዋሽሽም፣ ብዙ ጊዜ ዞሬያለሁ።

የጀመሩት በዓሊ ቢራ ዘፈኖች ነው። ሌላ በምን ይጀመራል? በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ልጆች ጋር ገና በልጅነቱ የጀመረ ሰው ነው፤ ጥቅምት 2015 ስንሸኘው አንቺም ነበርሽ፣ ፀሐዩ ራስሽን አሞሽ ከመንገድ የተመለስሽው። «ቢራ» በኦሮምኛ ክረምቱ ወጥቶ ብራ የሚሆንበት ወቅት ነው፤ ስሙን ያገኘው በመጀመሪያ ዘፈኑ ነው ይባላል። ኡድ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚመታው ልጅ እጁ ገና ነው፣ ሁለት ቦታ ስቷል። ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ዘፈኑን ሕዝቡ ነበር ተሸክሞ የሚሄደው።

ከድልድዩ ላይ የሚታየው ነገር ከታች ላለው አይታይም። ባቡር በ1895 እዚህ ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር በዚህኛው ዳር ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ ዛፍ ያለው ከዚራ ለባቡሩ ሰዎች ተሠራ፤ በዚያኛው ዳር መጋላ እንደ ገበያው ጠመዝማዛ ሆኖ አደገ። ወንዙ መሃል ገባ። ወንበሮቻችንና መድረኩ በከዚራ በኩል ነበሩ። ዞር ስል ግን የመጋላው ዳር ጥቁር ብሎ ሞልቷል! ከቀፊራ ገበያ ሥራ የጨረሱ ተሸካሚዎች፣ ያልተሸጠ ጫታቸውን በእርጥብ ጆንያ የሸፈኑ ሴቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ የጎርፍ መከላከያው ግንብ ላይ ተደርድረው እግራቸውን አንጠልጥለዋል። ጣፋጩን ሙሸበክ የምትሸጠው እናት ደግሞ እሳቷን እዚያው አንድዳለች። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ትኬት ቆርጠው የሚገቡ አይደሉም። ብሩ ስለሌላቸው ብቻ አይደለም፤ በር ካለው በሩ ለእነሱ እንዳልሆነ አስቀድመው ያውቃሉ።

የሶማሌ ልጆች ዳንቶ ያዙ፤ ያንን እንደ ግመል ረጋ ብሎ እየተወዛወዘ የሚሄደውን። ቀጥሎ አንዲት ሴት በሐረሪ ዘፈነች። ስለ ጉራጌው ጭፈራ የምነግርሽ የለኝም፤ ስልክ ላይ ነበርኩ። ወዳጄ «ካፊያ አለ፣ ግን ቀላል ነው» አለኝ።

ሸጎዬው የመጣው ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሸጎዬ ድምፅ ማጉያም ኦርጋንም አይፈልግም፤ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ራሳቸው እየዘፈኑ፣ አንገታቸውን ግራና ቀኝ እየወረወሩ፣ መሬቱን እየደቁ ነው። የሚፈልገው ቦታ ብቻ ነው። በከዚራው ዳር ወንበር ሞልቷል፣ በመጋላው ግንብ አለ። ስለዚህ የዚያኛው ዳር ልጆች ወረዱ፤ የእኛዎቹም ሲያዩ ወረዱ። መሃል አሸዋው ላይ ተገናኙ። አቧራው በመብራቱ ውስጥ ሲጨስ ይታየኛል። መከልከል ነበረብኝ፤ የተስማማነው ሌላ ነበር። አልከለከልኩም። አንዲት የጫት ነጋዴ፣ የእናትሽን ዕድሜ የምታህል፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ እኔም እሷን ሳይ ረጅም ጊዜ ጀርባዬን ለተራራው ሰጠሁ።

ብልጭታውን ያየሁት ፋኖሷን ላስተካክል ስዞር ነው። ደንገጎ በላይ መብረቅ። ደወልኩ፤ ወዳጄ አያነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ አያነሳም። ቀዩን ፋኖስ አንስቼ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ምልክት አይቶ ያልቆመ ባቡር አላውቅም፤ ጨፋሪ ግን አይቆምም። አንዳንዶቹ የትዕይንቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡልኝ! በመጨረሻ ጄኔሬተሩን እንዲያጠፉ ጮህኩ። ጨለመ። «ውሃ!» አልኩ። ያ ቃል እዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይባልም፤ አሸዋው በጥቂት ደቂቃ ባዶ ሆነ፤ ትልቁ ትንሹን፣ የከዚራው የመጋላውን እየጎተተ።

ቆምን። ጠበቅን። ምንም አልመጣም። ወዳጄ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደውሎ ሶላት ላይ እንደነበር ነገረኝ፤ ዝናቡም ካፊያ ሆኖ ቀርቷል። ኡድ መቺው «አባባ፣ ጨዋታችንን አበላሹት» አለኝ፤ አልመለስኩለትም። ይሁን እንጂ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። መብራት ሳይበራ በሁለቱ ዳር ተለያይተው ሸጎዬውን ቀጠሉት፤ አንዱ ዳር ይላል፣ ሌላኛው ይቀበላል፣ መሃል ባዶ አሸዋ። እስከ አራት ሰዓት። እኔም ፊቴን ወደ ተራራው መለስኩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወረድኩ። አሸዋው መሃል የክንዴን ያህል ስፋት ያላት የረጠበች መስመር ነበረች። ሌሊት መጥቶ ኖሯል፤ ጫማ የማያርስ ውሃ። አንድ የሙሸበክ መጠቅለያ ወረቀት ጥቂት ገፍቶ ጥሎታል። ለእናትሽ ስነግራት ሳቀች፣ ሳቀችና «ለዚህች ነው ሕዝቡን ያስደነገጥከው?» አለችኝ።

ልጆቹ ለኅዳር ሊደግሙት ነው። ደግሞ ማን እንደሚጠብቅ ማንም አልጠየቀም፤ ኡድ መቺው ራሱ መጥቶ «ፋኖሷ ጋዝ አላት ወይ?» ብቻ አለኝ። ጋዝ አላት፤ ክሯ ግን አልቋል፣ እዚህም ጠፍቷል። መርካቶ ስትወርጂ ፈልጊልኝ፤ ስፋቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል ነው፣ ጠፍጣፋውን እንጂ ድቡልቡሉን እንዳታመጪ።

አባትሽ
ድሬዳዋ